«በዘራችሁ አለ ወይ?»

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ከትዳር ተነሥቶ ሳላስበው ወደ ሳይንስ ወስዶኛልና ትንሽ ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት በቤተ ክርስቲያናችን ከሚያገለግሉ ወጣቶች ሁለቱ ተጫጩ። ወላጆች ተስማምተዋል፤ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥም ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚህ መካከል ከወንድየው ወገን ሽማግሌዎች መጡና አንድ ጥያቄ አቀረቡ፦ «የልጅቷ አጎት እግሩ ያበጠ ነው ሲሉ ሰማን። በዘራችሁ አለ ወይ?» ይህ ጥያቄ ወላይታ ውስጥ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። እውነትም የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ከሶዶ ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚያርሱ ሰው፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ዝሆኔ ያሠቃያቸዋል።

ባለቤቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲነጋገር እኔ ልጅቷን ወደ ጓዳ ወሰድኋት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ በቁጣ ጠየቀችኝ። «እርስዎ በእህቶች ኅብረት ‹በሽታው ከአፈር ነው እንጂ በዘር አይመጣም› ብለው አስተምረውናል። የእጮኛዬ ወንድም ግን ‹በዲኤንኤ ውስጥ እንዳለ በጥናት ተረጋግጧል› ይላል። እሱ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። የማንን ልመን?»

መልስ አጣሁ። ያን ያስተማርሁት ከአንድ የጤና ባለሙያ በጨረፍታ የሰማሁትን ይዤ፣ የታመሙትን ለማጽናናት ብዬ ነበር። ለማጽናናት የተነገረ ነገር ሁሉ ግን እውነት አይሆንም። ልጁም ቢሆን የሰማው ግማሹን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን ነው፣ በልጅቷ ፈቃድ፣ የምጽፍላችሁ።

አቧራና እግር

በሽታው በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጡለት በኢትዮጵያ የሠሩት ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው፤ «እግር» እና «አቧራ» የሚሉትን የግሪክኛ ቃላት አገናኝተው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለን ያስመረረን ግሪክኛ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የእግራቸውን ትቢያ እንዲያራግፉ ባዘዘበት ቦታ ያሉት ሁለት ቃላት ከእነዚሁ ጋር ወገን ናቸው።

ዝሆኔ ሁሉ አንድ አይደለም። በሞቃት ቆላ አካባቢ በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው አለ። በደጋውና በወይና ደጋው ወላይታ የምናየው ግን በአብዛኛው ከትል ጋር ግንኙነት የለውም። መነሻው ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨው፣ ዝናብ የጠገበው ቀይ አፈራችን ነው። እንሰቱን፣ ጎደሬውንና ስኳር ድንቹን የሚያበቅልልን ያው አፈር! በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ። ከቆዳ ሥር ፈሳሽ የሚያመላልሱ የሊምፍ ቧንቧዎች አሉ፤ ብናኙ እዚያ ሲደርስ ሰውነት እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል። ውጊያው ሲደጋገም ቧንቧው ይቆስላል፣ ይጠብባል፣ በመጨረሻም ይዘጋል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግርን ያሳብጣል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው። መጀመሪያ የእግር ጣቶች አካባቢ ያሳክካል፣ ማታ ማታ ያቃጥላል። እብጠቱ ሌሊት ተኝተው ሲነሡ ቀንሶ ይታያልና ብዙዎች ይዘናጋሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ታማሚው በተቀመጠበት ወንበር የተቀመጠ፣ ከእርሱ ጋር ከአንድ ትሪ የበላ፣ አንድ አልጋ የተኛ ሰው አይያዝም። ይህን በጉልህ የምጽፈው በጸሎት ቤት ውስጥ እንኳ አጠገባቸው የሚቀመጥ ያጡ ሰዎችን ስለማውቅ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት በወላይታ ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች ከመቶው 5.46 ሆነው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ታማሚዎች ሊሠሩባቸው ከሚችሉ ቀናት 45 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያጡ፣ በዚያን ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ለነበረው ዞን ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ አስልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሶዶ ላይ ግን ሥራው የተጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነው። በወጣትነታቸው በወላይታ በሚስዮናዊ ሐኪምነት ያገለገሉት ዶክተር ናታን ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በሽምግልናቸው ዘመን ተመልሰው መጥተው የእነዚህን ሰዎች እግር ማጠብ ጀመሩ። «ሞሲ ፉት» የሚባለው ሥራ የዚያ ፍሬ ነው።

የወላይታ ቤተሰቦች ያስገኙት እውቀት

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ አፈር፣ ሁሉም ባዶ እግሩን ሲሄድ ኖሮ አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ደህና ይሆናል? ይህን ጥያቄ የመለሱት ከሩቅ አገር የመጡ ታማሚዎች አይደሉም፤ የወላይታ ሰዎች ናቸው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌይል ዴቪና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ኢትዮጵያውያንና ናይጄሪያውያን ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን፣ በርካታ ታማሚ ያለባቸውን 59 ቤተሰቦች የዘር ሐረግ አጠኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶው በውርስ የሚገለጽ መሆኑንም ገመቱ። ይህ ማለት ከመቶ ልጆች 63ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ስለሚተረጉመው ነው የማስጠነቅቀው። አንድ ዓይነት አፈር ላይ የኖሩ ሰዎች ሲነጻጸሩ፣ ለምን አንዱ ታመመ ሌላው ዳነ ለሚለው ጥያቄ ትልቁ ምክንያት ከወላጅ የተወረሰ ተጋላጭነት ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «የትኛው የዲኤንኤ ክፍል?» ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ልቤን የነካኝ ነገር አለ። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡ ስለ ዘር ጥናት ምን እንደሚሰማው ወላይታ ላይ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደሚነበበው፣ ሰዎች ከፈሯቸው ነገሮች አንዱ «በዘር ነው» ብሎ ማወጅ መገለሉን እንዳያብሰው ነበር። ትክክል ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ቤታችን የመጡበት ጉዳይ ይኸው አይደለምን?

ቢሆንም ፈቃዳቸውን ሰጡ። 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች ዲኤንኤያቸው ከዳር እስከ ዳር ተመረመረ፤ ግኝቱም ከ202 ቤተሰቦች በተወሰደ የአባት፣ የእናትና የታማሚ ልጅ ናሙና ተፈተሸ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 በታዋቂው «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ ወጣ። ልዩነቱ የተገኘው በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤችኤልኤ በሚባለው አካባቢ ነው።

ኤችኤልኤ ምንድን ነው? በጸሎት ቤት በር ላይ የሚቆመውን አስተናባሪ አስቡ። የማያውቀውን እንግዳ ሲያይ ክንዱን ይዞ ወደ ሽማግሌዎቹ ያቀርበዋል። በሕዋሶቻችን ላይ ያሉ የኤችኤልኤ ፕሮቲኖችም ከውጭ የገባውን ባዕድ ነገር ቁራጭ ይዘው ለመከላከያ ሕዋሳት ያሳያሉ። አስተናባሪዎቹ መልካቸው ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ለጥቂት አቧራ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ መንደሩን ያስነሣል። በጥናቱ የተገኙት ምልክቶች የመታመምን ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ከፍ የሚያደርጉ ናቸው። ምልክቱ ኖሮባቸው ጤነኛ የሆኑ አሉ፤ ምልክቱ ሳይኖርባቸው የታመሙም አሉ።

እንግዲህ ለልጅቷ የነገርኋት ይህን ነው፦ ተሳስቼ አስተምሬሻለሁ፤ ውርስ አለበት። የሚወረሰው ግን በሽታው ሳይሆን ቶሎ የሚደነግጥ አስተናባሪ ነው። አፈሩ በቆዳሽ ካልገባ የሚያስደነግጠው የለም። ጫማ የለመደ ልጅ፣ አያቱም አጎቱም ዝሆኔ ቢኖርባቸው፣ እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ በሽታው አይነካውም። ለአማቾችሽም የሚነገረው ይኸው ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልናገር። በአንዳንድ ስብሰባዎች ዝሆኔ «የዘር እርግማን» ተብሎ ሲጸለይለት አይቻለሁ። ለታመመ ሰው መጸለይ መልካም ነው። ያን ቀን የተጸለየለት ሰው ግን በባዶ እግሩ መጥቶ በባዶ እግሩ ነው የተመለሰው። ከእኛ መካከል ጫማ ያሰበለት አልነበረም። እኔም እዚያው ነበርሁ። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታን ሲጠይቁት ያሰቡት ኃጢአተኛውን ማግኘት ነበር፤ እርሱ ያንን ጥያቄ እንዴት እንደመለሰ ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን ማንበብ ነው።

«ታዲያ ዲኤንኤውን አያክሙትም?»

የእጮኛዋን ወንድም ቡና ጠራሁት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፋት የለበትም። የነገርሁትን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ሌላ ጥያቄ አመጣ። «እሺ፣ ነገሩ ዲኤንኤ ውስጥ ከሆነ ለምን ዲኤንኤውን አያክሙትም? አሁንማ ከራሱ ከዲኤንኤ ትንንሽ ሮቦት ተሠርቶ መድኃኒት ይሸከማል ሲባል አንብቤያለሁ።» ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ነገሩም በጣም ስለሚያስደንቅ እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ዲኤንኤን እንደ ዚፕ አስቡት። ሁለት ጥርስ ረድፎች አሉት፤ በአራት ፊደላት ይጻፋል፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። ኤ ከቲ ጋር ብቻ፣ ጂ ከሲ ጋር ብቻ ይገጥማል። ውፍረቱ ሁለት ናኖሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ሚሊዮን ናኖሜትር መሆኑን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1982 ናድሪያን ሲማን የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት፣ ጥርሶቹ የሚገጣጠሙበት ሕግ ይህን ያህል የታመነ ከሆነ ዲኤንኤን ለመልእክት ብቻ ሳይሆን እንደ ግንባታ ዕቃ ልንጠቀምበት እንችላለን ብለው አሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከዲኤንኤ ባለ ስድስት ፊት ሳጥን የመሰለ ቅርጽ ሠርተው አሳዩ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ፖል ሮትመንድ የተባሉ ተመራማሪ ነገሩን አቀለሉት። ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ ከ7,000 በላይ ፊደላት ያሉት ረጅም የዲኤንኤ ክር ወሰዱ። ከዚያም ከ200 በላይ አጫጭር ክሮች አዘጋጁ፤ እያንዳንዱ አጭር ክር የረጅሙን ክር ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ይዞ ያቀራርባል። እናቶቻችን ሰፌድ ሲሰፉ አለላው እንዲጠጋጋ በስፌት እንደሚይዙት ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ሰፊ እጅ የለም! ሁሉም በጨዋማ ውኃ ውስጥ ተጨምሮ ይሞቃል፤ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ክሩ በራሱ ታጥፎ የታሰበውን ቅርጽ ይይዛል። ሮትመንድ መጀመሪያ ከሠሯቸው ቅርጾች አንዱ ፈገግ ያለ የሰው ፊት ነበር። ሥራው ኦሪጋሚ ተባለ፤ ወረቀት በማጠፍ ቅርጽ ከሚሠራው የጃፓኖች ጥበብ ስሙን ወስዶ።

ለመድኃኒት ምን ይጠቅማል? መድኃኒት ስንውጥ ወይም ስንወጋ በደም ወደ መላው ሰውነት ይሄዳል፤ የታመመውንም ያልታመመውንም ይነካል። የካንሰር መድኃኒት ፀጉር የሚያረግፈው ለዚህ ነው። መድኃኒቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ የሚከፈተው የታመመው ሕዋስ ጋ ሲደርስ ብቻ ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2012፣ የወላይታው ጥናት በወጣበት ዓመት፣ በሃርቫርድ ያሉ ተመራማሪዎች ከዲኤንኤ የተሠራ፣ ሁለት ቁልፎች ያሉት በርሜል መሰል ዕቃ አሳዩ። ቁልፉ የሚከፈተው በተመረጠ ሕዋስ ላይ ያለውን ምልክት ሲያገኝ ነው። በላብራቶሪ ሳህን ላይ የደም ካንሰር ሕዋሳትን ለይቶ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች እንዲሁ ከዲኤንኤ ጠፍጣፋ ቅርጽ ሠርተው፣ ደም የሚያረጋ ንጥረ ነገር በውስጡ ጠቅልለው ዕጢ ወዳለባቸው አይጦች ላኩ። ጥቅሉ ዕጢውን የሚመግበው የደም ሥር ጋ ሲደርስ ተከፈተ፤ ደሙ ረጋ፣ ዕጢውም ምግብ አጣ።

ልጁ እዚህ ላይ ዓይኑ በራ። እኔ ግን የቤት እመቤት ነኝና «ታዲያ ምን ያግደዋል?» ብዬ ነው ያነበብሁት። ብዙ ያግደዋል። ደማችን ውስጥ ባዕድ ዲኤንኤ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ። ከእነርሱ ያመለጠውን ጉበትና ኩላሊት ከደም ያወጡታል። የመከላከያ ሕዋሳትም ሳጥኑን ራሱን እንደ ጠላት ሊያዩት ይችላሉ፤ ያው አስተናባሪ! ንጹሕ ዲኤንኤ በብዛት መሥራትም ውድ ነው። ስለዚህ የኦሪጋሚው ሥራ በዋናነት ገና በላብራቶሪና በእንስሳት ላይ ነው። የሠመረለት ዘመዱ የስብ ጠብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፈቃድ ያገኘውና በኋላ እኛም አገር የተሰጠው የፋይዘር የኮቪድ ክትባት መልእክቱን የያዘው በናኖሜትር በሚለካ የስብ ጠብታ ውስጥ ነው። ክንዳችሁን ሰጥታችሁ ከነበረ ይህ ጥበብ ገብቶባችኋል ማለት ነው።

ለዝሆኔ ቢሆንስ? ሳጥን መላክ የሚቻለው ምን እንደሚጫንበትና የት እንደሚራገፍ ሲታወቅ ነው። የወላይታው ጥናት በሽታው ከመከላከያ ሕዋሳት ቁጣ ጋር የተያያዘ መሆኑን ጠቁሟል፤ ከአፈሩ ማዕድናት ቁጣውን የሚቀሰቅሰው የትኛው እንደ ሆነ ገና ይመረመራል። ለሰላሳ ዓመት የተዘጋን የሊምፍ ቧንቧ የሚከፍት ሳጥን ደግሞ የለም። ለልጁ እንዲህ አልሁት፦ «አንተ ተማር፤ ምናልባት የምትሠራው አንተ ትሆናለህ። አጎትየው ግን እግራቸው ዛሬ ማታ ያቃጥላቸዋል።»

ሳፋው

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁን፣ እናቱንና ልጅቷን ይዤ ወደ አጎትየው ቤት ሄድሁ። የሚታከሙበትን ሁኔታ እንዲያዩት ፈልጌ ነው።

ሕክምናው ከሳፋ፣ ከውኃና ከሳሙና ይጀምራል። እግር በሳሙና በሚገባ ይታጠባል፤ ከዚያ የጤና ባለሙያ በሚናገረው መጠን በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ይነከራል። በጣቶች መካከል ሳይቀር ይደርቃል፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት ይቀባል፣ ካስፈለገ በፋሻ ይጠቀለላል። ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ማድረግ ይቀጥላል። ይህ ሁሉ በየቀኑ ነው። ቀላል ስለሆነ የሚናቅ አይምሰላችሁ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ለአንድ ዓመት እንዲህ የታከሙት ሰዎች ትኩሳትና ኃይለኛ ሕመም እያመጣ አልጋ ላይ የሚጥለው አጣዳፊ ሕመም ካልታከሙት ይልቅ በ19 በመቶ ገደማ ቀንሶላቸዋል። እብጠቱ ገና ለስላሳ ሳለ የጀመረ ሰው ብዙ ይሻለዋል፤ ለቆየና ለጠጠረ እግር ግን የሚመለሰው ጥቂት ነው።

አጎትየው መጀመሪያ አፈሩ። እንግዳ ፊት እግራቸውን ገልጠው አያውቁም። የልጅቷ እናት ውኃውን ስታመጣ ልጁ ድንገት ተነሥቶ ጃኬቱን አወለቀና «ጋሼ፣ እኔ ልጠብዎት» አለ። ካነበበው ሁሉ ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። እናቱ ዝም ብለው ያዩ ነበር። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸው በር ላይ በባዶ እግሯ ወደቆመችው የአጎትየው የልጅ ልጅ ሄደ። «ይህችስ? ቁጥሯ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አያውቅም፤ ጫማ ተገዝቶላት አያውቅምና። በቃጫ ለኩት።

ሠርጉ ከመስቀል በኋላ ተፈጸመ። የሙሽራው አባት ታላቅ እህት አልመጡም፤ እስከ ዛሬም ደጃቸውን አልረገጡም። አጎትየው በልካቸው የተሰፋ ጥቁር ጫማ አድርገው፣ የልጅ ልጃቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ አዲሱ ጫማዋ ትንሽ ሰፍቷት በየደቂቃው ትወልቀው ነበርና አያቷ ጎንበስ እያሉ መልሰው ያጠልቁላታል።